የመብራቱ ምስክርነት



በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ለሽንኩርት ማሳ ውሃ በሚስብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ መብራት ሲበራ፣ ገበሬው ውሃው መጣ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። መብራቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰክረው ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ብቻ ነው። የመሳቢያው ቱቦ አየር ከሳበ ሞተሩ ይዞራል፤ ቦዩ ይደርቃል፤ ፓምፑም ያለ ውሃ እየዞረ ይጎዳል።

ይኸው ጉድለት በታላላቆቹ ዘንድም ታይቷል። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ፣ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ እንደተከፈተ ቀረ። የሰሌዳው መብራት በመጥፋቱ ኦፕሬተሮቹ ቫልቩ ተዘግቷል አሉ። የመብራቱ መጥፋት ግን የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ የቫልቩን መዘጋት አያሳይም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች በአንድነት ጮኹ፤ እንዲህ ያለው ጩኸት ከዝምታ አይሻልም። ሌላው መለኪያ ውሃው የበዛ ስላስመሰለ፣ ኦፕሬተሮቹ የድንገተኛውን ማቀዝቀዣ ውሃ ራሳቸው ቀነሱ። ቫልቩ ከ2 ሰዓት በላይ ክፍት ቆየ፤ የሪአክተሩ እምብርትም በከፊል ቀለጠ።

ጥፋቱን በኦፕሬተሩ ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ሰሌዳውን የነደፈው መሐንዲስ ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ባይኖራትም፣ የፓምፑ መብራት ከሞተሩ ሳይሆን በመግፊያው ቱቦ ላይ ከሚገጠም የፍሰት ጠቋሚ መልእክቱን ቢቀበል ወጪው ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ያንሳል። በቆላው የቀትር ፀሐይ የደበዘዘ መብራት ከጠፋው ስለማይለይ ጥላ ይበጅለት፤ ጽሑፉም ኦፕሬተሩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን።