ፍም ከሰልና የተዘጋ በር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ ስለ መጀመሪያ ርዳታ እንድናገር ሲጠይቀኝ ብዙዎቻችሁ ስለ እባብ ንድፊያና ስለ አጥንት ስብራት የምናገር ሳይመስላችሁ አልቀረም። እኔ ግን የተሰጠኝን አጭር ጊዜ በየክፍላችን ስላለ አንድ ዕቃ ላውለው አስቤአለሁ፤ ይኸውም የከሰል ማንደጃ ነው።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ከቆላ የመጣ ተማሪማ ጆሮው ይመሰክራል። ስለዚህ ማታ ከሰል ይቀጣጠላል፤ በሩ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል።

እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በተከራየነው ክፍል፣ ከሰሉን ደጅ አራግበን፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍም እስኪሆን ጠብቀን አስገባነው። መጠንቀቃችን ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ራሴን ሲፈልጠኝ ነቃሁ፤ ልነሣ ብል ጕልበቴ ከዳኝ። ጓደኛዬ ያቃስታል፤ ብጠራው አይመልስም። በደረቴ እየተሳብሁ በሩን ከፈትሁ። አከራያችን ድምፅ ሰምተው መጡና «ልጆቼን መጋኛ መታብኝ!» ብለው ጮኹ። ጎረቤትም አንዱ ወተት፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ክብሪት ይዞ ተሰበሰበ። ጓደኛዬን በጋቢ ጎትተው አወጡት፤ ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ነገር ግን ያዳነን የተከፈተው በር እንጂ ወተቱ አልነበረም፤ እንዲያውም ራሱን በሳተ ሰው አፍ የሚፈስ ወተት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ቢሆን አየር ላጣ ሰው ጭስ መጨመር ነው።

ስሕተታችን ጭስ ከሌለ ጉዳት የለም ማለታችን ነበር። ፍም ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አይቆጠቍጥም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ይጣበቀዋል። ሯጮቻችንን አጠነከረ የምንለው የአርሲ ስስ አየርም እዚህ ላይ አይረዳንም፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለ ሆነ የምናባክነው ኦክሲጅን የለንም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና የጕልበት መዛል ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ።

እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ በሩን በሰፊው ከፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ ሰውየውን ወደ ደጅ ጎትቱ። ብርድ ይመታዋል ብላችሁ በር ላይ አታቁሙት፤ ደጅ አውጥታችሁ ጋቢ አልብሱት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት። የማይተነፍስ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኀይል ተጫኑ፤ ሲደክማችሁ ሌላው ይተካ፤ ሐኪም ወይም አምቡላንስ እስኪደርስ አታቋርጡ።

ነቅቶ ቢያወራ እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ስለ ቃጠሎ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፤ ማንደጃውም ጀበናውም ይገለበጣልና። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል ያዙት። ቅቤ፣ እንቍላልና የጥርስ ሳሙና አትቀቡት፤ ሐኪሙ ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ እነሱን መፋቅ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ በእጅ ሠርቶ መማር ለሚፈልግ፣ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ይሰጣል። ለዛሬው ግን ጋቢ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ደጅ ሣሩ ላይ ወጥተን፣ ራሱን የሳተ ሰው ለብቻ እንዴት እንደሚጎተት እናሳያለን። ለመጎተት ፈቃደኛ የሆነ አንድ ወፍራም ጓደኛ ያስፈልገናል።