ማለቂያ ያጣው ገጽ



እዚህ የተሰበሰባችሁት መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች ናችሁና «ትውልዱ በስልክ ተበላሸ» የሚለውን ወቀሳ ዛሬ አልደግመውም። ሌሊቱ እስኪጋመስ ስክሮል የሚያደርገው ልጅ ፈቃደ ደካማ ነው ብዬ አላምንም። ማቆሚያውን ያነሱበት ሌሎች ናቸው።

ቀድሞ ገጽ ያልቅ ነበር። ግርጌው ላይ «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ለመጫን ሰው አንድ አፍታ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ያቺን አፍታ የሚያስቀር፣ ማለቂያ የሌለው ገጽ ሠራ። የፈለገው ተጠቃሚውን ከድካም ማዳን ነበር፤ ኋላ ግን መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ስሙን ያነሳሁት እናንተም በቅን ልብ እንደምትሠሩ ስለማውቅ ነው።

እስቲ አውራ ጣታችሁን ልብ በሉ። ፊዱን ወደ ታች ሳብ ስታደርጉት ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፤ ምን ይዛ እንደምትመጣ ግን አይታወቅም። አንዳንዴ የዘመድ ሠርግ ፎቶ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የማይረባ ነገር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በእርግቦች ላይ እንዳሳየው፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ መሞከሩ አይቆምም። የቁማር ማሽንም የሚያተርፈው በዚሁ ነው። ቪዲዮው ሳይጠየቅ ቀጣዩን ሲያስከትል ደግሞ ጣት ማንቀሳቀስም አያስፈልግም። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች የሚሸጡት ማስታወቂያ ስለሆነ፣ የቆየ ሰው ሁሉ ገቢ ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «በቃ» የሚለው ፓኬጁ ነው፤ ዳታው ሲያልቅ ስልኩ ይቀመጣል። ከምሳ ተቀንሶ የተገዛ ፓኬጅ እንዲህ ሲያልቅ ማየት እኔን ያንገበግበኛል።

ማቆሚያ መሥራት ከባድ ሆኖ አይደለም። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2018 የሁለት ቀኑን ልጥፍ ላዳረሰ ሰው «ሁሉንም አይተዋል» የሚል መልእክት ማሳየት ጀምሮ ነበር። በ2020 ግን ከዚያው መልእክት ሥር የማይከተላቸውን ሰዎች ልጥፍ ደረደረለት። ቴክኒኩ አላቃታቸውም፤ የሰውየው መውጣት ነው የከበዳቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ በዚህ ሥልጠና የምትነድፉት ገጽ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ቀለምና ቁልፍ ከመምረጣችሁ በፊት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አስፍሩ። አሠልጣኞቻችሁም ቀድመው የሚጠይቋችሁ እሱኑ ነው።

ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል። መልካም የሥራ ጊዜ!