ትናንሽ ኮምፒዩተሮች በደቦ



አንድ የቀን ሠራተኛ ሲሠራ ለዋለበት ሙሉ ደመወዙን፣ እጁን አጣጥፎ ለዋለበት ደግሞ እኩሌታውን ክፈሉኝ ቢል፣ እሺ የሚለው አሠሪ ይገኛል ብላችሁ አትገምቱም። ዳሩ ግን ዓለም ለኮምፒዩተሮቹ የሚከፍለው እንዲህ ነበር። ሉዊዝ ባሮሶና ኡርስ ሆልዝለ የተባሉት የጉግል መሐንዲሶች በ2007 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ በኤሌክትሪክ ቁጠባው የተመሰገነ ሰርቨር እንኳ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ይፈጃል።

በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ አንደርሰንና የሥራ ጓዶቻቸው መፍትሔውን በሌላ በኩል ፈለጉት። ፈጣን ፕሮሰሰር መረጃ ከሚሽከረከረው ዲስክ እስኪደርስለት ድረስ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። እንግዲያስ በሬ የሚበቃውን ማሳ በዝሆን ማረስ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ 21 ደካማ ኮምፒዩተሮችን ሰበሰቡ። የእያንዳንዳቸው ማኅደረ ትውስታ 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ በዲስክም ፈንታ በፎቶግራፍ መሣሪያ ውስጥ የምናውቀውን ዓይነት የፍላሽ ካርድ አደረጉላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ መረጃው ለሁሉም ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱም የድርሻውን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ይህ ደቦ በአንድ ጁል ኃይል፣ ይኸውም አንድ ዋት በአንድ ሴኮንድ በሚፈጀው፣ 350 ያህል ጥያቄ መለሰ። ይህም በዲስክ ከሚሠራው መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ስሙንም ፎውን አሉት፤ የአጋዘን ግልገል ማለት ነው፤ ለደካሞች ማኅበር የሚስማማ ስም ይመስለኛል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ግን እኒያው ሆልዝለ ተቃውሞ ጻፉ። በእርግጥም ሎሚ ይከፋፈላል እንጂ የቤት ምሰሶ አይከፋፈልም። ሥራውን እጅግ የበታተነ ሰው የሁሉን ዘገምተኛ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጻፍ የሚወጣውም ወጪ በኤሌክትሪክ ከተቆጠበው ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ሆልዝለ ብርቱዎቹ ያሸንፋሉ ሲሉ፣ «ብዙውን ጊዜ» የምትለውን ቃል በርእሳቸው ላይ አልረሱም፤ እኔም ክርክሩን የማከብረው ስለዚህች ቃል ነው።

ለደካማው ኮምፒዩተር ዋናው ችግር ሌላ ነበር፤ መረጃው በካርዱ ላይ የት እንዳለ የሚያመለክተው ማውጫ በጠባቡ ማኅደረ ትውስታ አይበቃውም። አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲልት የተባለውን ዘዴ ሲያቀርቡ፣ ለእያንዳንዱ መረጃ ማውጫ የሚያስፈልገው ማኅደረ ትውስታ በአማካይ 0.7 ባይት ብቻ ሆነ።