ሳቀና ሳቀበት
(ስለ እንግሊዝኛ የቀልድ ቃላት የተደረገ ንግግር)



በእንግሊዝኛ የምንማር ተማሪዎች ሂዩመርን፣ ዊትን፣ ጀስትን፣ ፈንን፣ ባንተርን ሁሉ በአማርኛ «ቀልድ» ብለን እናልፋቸዋለን። ይህ ፈተና ለማለፍ ይበቃ ይሆናል፤ ቃላቱን ለማወቅ ግን አይበቃም። ስለዚህ የዘር ሐረጋቸውን ባጭሩ እንመልከት።

«ሂዩመር» በላቲን እርጥበት ማለት ነበር። የጥንት ሐኪሞች የሰው ጠባይ በሰውነቱ ውስጥ ባሉት አራት ፈሳሾች፣ ይኸውም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ይወሰናል ይሉ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቃሉ ጠባይ ማለት ሆነ። ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1598 ለታየው ተውኔቱ ርእስ ያደረገው በዚሁ ትርጉም ነው። ኋላ ቀስ በቀስ ወጣ ያለ ጠባይ፣ ከዚያም የሚያስቀው ነገር ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። «ዊት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማወቅ ከሚለው ግሥ ጋር ዘመድ ነው። «ጀስት» ደግሞ በድሮው ፈረንሳይኛ የጀግና ሥራ ነበር፤ ሥራው ተረት፣ ተረቱም ቀልድ ሆነ።

የ«ፈን» ዘር ግን ሌላ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ማታለል፣ ማሞኘት ማለት ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ዝቅተኛ የመንደር ቃል ነው ሲል ነቅፎታል። ጆናታን ስዊፍትም እ.ኤ.አ. በ1710 «ባንተር» የሚለው ቃል እንዳይስፋፋ የተቻለውን ሁሉ ማድረጉን ጽፎ ነበር። ሁለቱም ቃላት ነቃፊዎቻቸውን አሸንፈው ይኸው ዛሬ በየሰዉ አፍ ይነገራሉ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ደስታና ማሞኘት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ነው። እንግሊዞች ድንበሩን በአንዲት ትንሽ ቃል ይለያሉ፤ «ላፍ ዊዝ» ከሰው ጋር መሳቅ፣ «ላፍ አት» በሰው ላይ መሳቅ ነው። እኛም «በት» የምትል ድንበር አለችን። ሳቀና ሳቀበት፣ ቀለደና ቀለደበት አንድ አይደሉም። ለዛ፣ ጨዋታ፣ ቧልት፣ ፌዝ፣ ስላቅ የሚሉ ቃላትም ሞልተውናል፤ ሁሉን «ቀልድ» ማለታችን ከቃል ድኽነት አይደለም።

ነገሩም በመዝገበ ቃላት ብቻ አያልቅም። አንድ ተማሪ በክፍል ተነሥቶ ሲናገር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ቢያጣምም፣ ወይም የትውልድ አገሩ አነጋገር ቢሰማበት ይሳቅበታል። ሲከፋው «ጆክ ነው፣ ምን ያስቆጣል?» ይባላል። ከዚያ በኋላ መንፈቀ ዓመቱ እስኪያልቅ እጁን አያነሣም፤ የሚያውቀውንም ሳንሰማ እንቀራለን። ኪሳራው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የክፍሉ ሁሉ ነው።

ቀልድ ይቅር አንልም፤ ያለ ጨዋታ ጥናት ይከብዳል። ነገር ግን ለቀላጁ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። የተቀለደበት ሰው ከልቡ አብሮ ስቋልን? ከሳቀ ጨዋታ ነው። ካልሳቀ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ያንንም ስም በሁለቱም ቋንቋ እናውቀዋለን።