የሪፕሊ መንገድና የብስክሌት ወጪያችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። "ለብስክሌት ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ለታመመች ወይም ከሥራ ለወጣች እኅት ቢውል አይሻልም ወይ?" የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቋት ነውና። ኮሚቴው መልሱን እኛ እንድናዘጋጅ ስላዘዘን ከደረሰኞቹ ጋር መንገዱንም ይዘንላችሁ ቀርበናል። መንገዱን የማያውቅ ሰው ወጪውን ሊመዝነው ይከብደዋል።

ሪፕሊ ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ በሰሪ ያለች መንደር ናት። ከለንደን ወደ ፖርትስማውዝ የሚወስደው አሮጌ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ባቡር ጣቢያ የላትም። ከ130 ዓመት በፊት ግን ቅዳሜና እሑድ ከለንደን የሚነሣ ብስክሌተኛ ሁሉ የሚጎርፍባት ቦታ ነበረች። ምክንያቱ አንከር የተባለው ማረፊያ ቤት ነው፤ "መልሕቅ" ማለት ነው። ቤቱን የያዘው የዲብል ቤተሰብ ሲሆን አኒና ሃሪየት የሚባሉት እኅትማማቾች እንግዳውን ሁሉ እንደ ዘመድ ይቀበሉ ነበር። አኒ በ1895 ስታርፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብስክሌተኞች በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አኖሩላት። ለአቧራማ መንገደኛ ሻይ ያቀረበች ሴት በቤተ ክርስቲያን ስትታሰብ ብዙ ጊዜ አላየንም። ስናልፍ ቆም እንላለን።

ከሪፕሊ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ኦክሃም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1898 በጥቅምት ወር ሌዲ ሃርበርተን የተባለች የመኳንንት ወገን ብስክሌቷን እየነዳች ሆትቦይ ወደሚባለው ሆቴል ገብታ ምሳ ጠየቀች። የለበሰችው ሰፊ ሱሪ ነበር፤ በዘመኑ ሴቶች ለብስክሌት እንዲመች ብለው ያወጡት አለባበስ ነው። የሆቴሉ ባለቤት፣ እሷም ሴት ናት፣ "በዚህ አለባበስ ወደ ምግብ አዳራሹ አትገቢም፣ ከፈለግሽ ከመጠጥ ቤቱ ጎን ባለው ክፍል ትበያለሽ" አለቻት። ሌዲ ሃርበርተን እምቢ ብላ ሄደች። የብስክሌት ተጓዦች ክበብ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበው። በ1899 በኪንግስተን ዳኞቹ የሆቴሉን ባለቤት ነፃ አወጧት፤ ምግብ አልከለከለችም፣ ሌላ ክፍል ሰጥታለች ተባለ።

ይህን ታሪክ ለአባሎቻችን በነገርን ቁጥር ሳቅ ይነሣል፤ ወዲያው ዝም ይባላል። "ምግቡ አለ፣ ብቻ እዚህ አይደለም" መባል ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከዋተርሉ ባቡር ይዘን ሆርስሊ እንወርዳለን፤ ከዚያ በኦክሃም አድርገን ሪፕሊ፣ ከሪፕሊ በኒውአርክ መንገድ ወደ ፒርፎርድ፣ ከዚያ ዎኪንግ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጣን ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እኛ ቀኑን ሙሉ እንሄደዋለን። ይህን የመረጥነው አንድ ጣቢያ ወርደን ከሌላ ጣቢያ ስለምንሳፈር ነው። ማንም መመለሻውን እያሰበች አትጨነቅም። ኤ 3 የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ቅርብ ነው፤ እሱ ላይ በፍጹም አንወጣም።

ከሪፕሊ ወጣ እንዳሉ በግራም በቀኝም ለምለም መስክ ነው። ወንዙ በብዙ ቅርንጫፍ ይከፈላል፤ ከመስኩ መሐል ጣሪያ የሌለው የኒውአርክ ገዳም ፍርስራሽ ይታያል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን በዘጋ ጊዜ በ1538 የተዘጋ ነው። መስኩ የግል ስለሆነ አይገባም፣ ከመንገድ ሆኖ ማየት ነው። ቀጥሎ በ1653 ለጀልባ የተከፈተው የዌይ ቦይ አለ። የቦዩ ዳር መንገድ ጠባብ ነው፤ ቅድሚያ ለእግረኛ ነው፣ ውሻና ሕፃን ሲመጣ ወርዶ መግፋት ነው። ፔርሙዛችንን የምንከፍተው እዚያ ነው። ጾም ከሆነ ሽምብራ ቆሎ፣ ካልሆነ ድፎ ዳቦ። (አንድ ማሳሰቢያ፦ በፒርፎርድ ቦይ አጠገብም አንከር የሚባል ቤት አለ። "አንከር እንገናኝ" ስትባባሉ የሪፕሊው ይሁን የፒርፎርዱ አስቀድማችሁ ለዩ።)

ወጣቶቹ ወደ ደቡብ ኮረብታዎቹ እንሂድ ይላሉ። ቦክስ ሂል በ2012 ኦሎምፒክ ወንዶቹ ዘጠኝ ጊዜ፣ ሴቶቹ ሁለት ጊዜ የዞሩት ነው። ለምን ሁለት ብቻ እንደሆነ አትጠይቁን። ለጊዜው ግን መንገዳችን የሚለካው ከመካከላችን በቀስታ በምትነዳው እኅት ነው፤ እሷ ደግሞ ብስክሌት የተማረችው ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ነው።

ስለ ወጪው እንናገር። ያገለገሉ ስድስት ብስክሌቶች አሉን። ጉዞው ቅዳሜ ነው፤ በሥራ ቀን በሰዓተ ግርግር ብስክሌት ባቡር አይገባም፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነን። ሦስት ሦስት ሆነን በሁለት ባቡር እንሄዳለን። በአንድ ባቡር ላይ ስድስት ብስክሌት መጫን ሌላውን መንገደኛ ያስቸግራል፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰው አብሮ ሲጓዝ ደግሞ ከቲኬቱ ሲሶው ይቀነሳል። የቀረው ጎማ መለጠፊያ፣ የፍሬን ጎማና የሰንሰለት ዘይት ነው። ቀሚስ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ መቆንጠጫም ገዝተናል፤ ደረሰኙ ከፋይሉ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። የሕመምና የችግር መርጃ ገንዘባችን የሚሠራው ችግሩ ሲሰማ ነው። አብዛኞቻችን አረጋውያንን በመንከባከብ ወይም በጽዳት፣ ብዙውን ጊዜ በማታ ፈረቃ ነው የምንሠራው። በስብሰባ ላይ "እንዴት ነሽ?" ስንባባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሱ፤ በዚያው ያበቃል። በመንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየነዳ ፊት ለፊት አይተያይም፤ ለዚያ ይመስለናል አፍ የሚፈታው። አንዲት እኅት የቤት ኪራይ ሦስት ወር እንዳልከፈለች የተናገረችው የኒውአርክን ድልድይ ስንሻገር ነው። ሌላዋ አሠሪዋ የዓመት ፈቃድ ክፍያዋን እንዳስቀረባት ያወራችው ጎማዋ ተንፍሶ ስንለጥፍላት ነው። የመጀመሪያዋ ከመርጃው ገንዘብ በወቅቱ ተበድራለች፤ ለሁለተኛዋ ደብዳቤውን አብረን ጻፍንላት፣ ክፍያዋም መጣ። ሁለቱም በዓመቱ ስብሰባዎች ሁሉ ተገኝተው ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላነሡትም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ጉዞው በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲቀጥል፣ ገንዘቡ ግን ከመርጃው ተነጥሎ በራሱ መደብ እንዲያዝና ለጋሾቻችን ለየትኛው እንደሚሰጡ ራሳቸው እንዲመርጡ ነው። የመርጃው ገንዘብ ከተወሰነው መጠን ቢወርድ ጉዞው በዚያው ዓመት ይቆማል፤ ይህንንም በውሳኔው ላይ አስፍረነዋል። ረቂቁ በየወንበሩ ተቀምጧል፤ ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። ለግንቦቱ ጉዞ ስም የምታስመዘግቡ ደግሞ ቁመታችሁን አብራችሁ ጻፉልን፣ ኮርቻውን አስቀድመን እናስተካክላለን።