ከኋላ የሚቆመው ሰው፤ ስለ ኦስካር ፔቲፎርድ



ከሙዚቃው ጓድ በስተኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ አቅፎ የሚቆመውን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁን? መለከቱና ፒያኖው ጭብጨባውን ሲቀበሉ እርሱ ምቱን ይጠብቃል፤ መኖሩም የሚታወቀው ሲጎድል ነው። (በዚህስ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም።) መሣሪያው ኮንትራባስ ይባላል። ይህን መሣሪያ ወደ ፊት ካመጡት ሰዎች አንዱ ኦስካር ፔቲፎርድ ነው።

ፔቲፎርድ በ1922 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ግዛት ተወለደ። እናቱ ከቾክታው ነገድ ነበረች፤ በአባቱም በኩል የጥቁርና የቼሮኪ ደም ነበረው። ወላጆቹ ከልጆቻቸው ጋር ጓድ አቋቁመው ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ነበርና የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ይኸው ሆነ።

ከእርሱ አስቀድሞ ጂሚ ብላንተን የሚባል ወጣት በዱክ ኤሊንግተን ጓድ ውስጥ ኮንትራባሱን እንደ መለከት ዜማ አናግሮት ነበር፤ ዳሩ ግን በ1942 ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ ሞት ቀጠፈው። ፔቲፎርድ የተቋረጠውን መንገድ ቀጠለ። በ1943 ከኮልማን ሆኪንስ ጋር በተቀረጸው ሸክላ ላይ ብቻውን ሲጫወት፥ በዜማው መካከል ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። እኔ ከጣቶቹ ቅልጥፍና ይልቅ ይህ ትንፋሽ ይገርመኛል፤ እንደ ዘፋኝ የሚተነፍስ የባስ ተጫዋች ነውና። በ1945 ወደ ራሱ ወደ ኤሊንግተን ጓድ ገባ፤ ይህም በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን የተቀበለው ኤሊንግተን ነው።

በ1949 ቤዝቦል ሲጫወት ክንዱ ተሰበረ። ለባስ ተጫዋች ክንድ እንጀራው መሆኑን መናገር አያስፈልግም። ፔቲፎርድ ግን ታላቁን መሣሪያ ማቀፍ ቢያቅተው ታናሹን፥ ሴሎን አነሣ፤ አውታሮቹንም እንደ ኮንትራባስ ቅኝት ቃኝቶ በጃዝ ውስጥ አዲስ ድምፅ አሰማ። ክንዱ ከዳነ በኋላም ሴሎውን አልተወውም።

በ1958 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ኮፐንሃገን ተቀመጠ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ሙዚቀኛ በአዳራሽ ተጨብጭቦለት ሲያበቃ በሆቴሉ ደጃፍ የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ አያሌ ባልንጀሮቹም ወደ ፓሪስና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደው ነበር። የፔቲፎርድን ልብ ገልጬ አይቻለሁ አልልም። በዴንማርክ ግን ከአሜሪካዊው የሳክስፎን ተጫዋች ከስታን ጌትስም፥ ከአገሬው ወጣቶችም ጋር ተጫወተ፤ ሸክላም አስቀረጸ።

ይህ ኑሮ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። መስከረም 8 ቀን 1960 ታሞ በኮፐንሃገን ሞተ። ሠላሳ ስምንተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።