ሥሩን ሳይነቅሉ መትከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ ክረምቱ ሊገባ፥ ሰውም ችግኙን ሊተክል በሚሰናዳበት በዚህ ወራት፥ ከላስታ ገበሬ ጓሮ አንድ ምሳሌ ወስደን እንነጋገራለን።

በላስታ ደጋ በየመንደሩ ባሕር ዛፍ ይታያል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ ኋላ በየአውራጃው የተስፋፋ ነው። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ጠቅሞናልና አናማውም። ነገር ግን ባለቤቱ ዛፉን ቈርጦ ከሸጠ በኋላ፥ በስፍራው ጌሾ ወይም ኮክ ልትከል ያለ እንደ ሆነ፥ ችግሩ ያን ጊዜ ይጀመራል። ግንዱ ሄዷል፤ ጉቶው ግን አልሞተም። ከቅርፊቱ በታች የተሸሸገው ሕይወት ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ያቈጠቍጣል፤ በአንድ ግንድ ፈንታም ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። በአሮጌ ሥር ላይ ስለ ቆመ ከአዲሱ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ውሃውንም ይሻማዋል።

እንግዲህ አስተዋይ ገበሬ ምን ያደርጋል? ምድሪቱ ርሳ ሳለች የጉቶውን ዙሪያ በዶማ ይቈፍራል፤ በጐን የሄዱትን ሥሮች አንድ በአንድ ገልጦ በመጥረቢያ ይቈርጣል፤ ጉቶውንም በወፍራም እንጨት ፈንቅሎ ያወጣዋል። ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ከዚያ በኋላ ይተክላል። ጉቶው እጅግ ትልቅ ሆኖ ቢያቅተው ቅርፊቱን እስከ መሬት ይልጠዋል፤ የሚያቈጠቍጠውንም ሳይታክት እየመለመለ ኃይሉን ያደክመዋል። ይህ ሥራ ዛፉን ከመቍረጥ ይልቅ ይከብዳል።

ወገኖቼ፤ የእኛም ዕርቅ ብዙ ጊዜ ግንዱን ቈርጦ ጉቶውን እንደ መተው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ይጣላሉ። ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ያስታርቋቸዋል፤ ይሳሳማሉ፤ አብረውም ይበላሉ። ነገር ግን አንደኛው የገፋውን ድንበር አልመለሰም፤ ሁለተኛውም ቂሙን በልቡ አኑሯል። ክረምት ሲገባ፥ በአንዲት የውሃ ቦይ ምክንያት ጠቡ ያቈጠቍጣል። ያን ጊዜ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ይነሣሉ፤ ደምም ይፈሳል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት፥ በምዕራፍ 12፥ ስለ መራራ ሥር ያስጠነቀቀን ስለዚህ ነው። መራራው ሥር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርምና።

የልብን ሥር መቈፈር ምንድር ነው? የገፉትን ድንበር መመለስ ነው፤ ለጠፋው ንብረት ካሣ መክፈል ነው፤ የተበደለውም ሕመሙን ሳይሸሽግ በሽማግሌ ፊት መናገሩ፥ ቂሙንም ለንስሐ አባቱ መግለጡ ነው። የዛፍ ሥር በአጥር ሥር አልፎ ወደ ጎረቤት እንደሚሄድ፥ የጠብም ሥር በሁለት ጓሮ ውስጥ ነውና፥ ሁለቱም ወገን ዶማውን ያንሣ።

የላሊበላ ሕዝብ ሆይ፤ ይህን ትምህርት በደጃችሁ ታዩታላችሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጨምሮ አልተሠራም፤ ከአንድ ዐለት፥ ከላይ ወደ ታች፥ ትርፉ እየተነሣ ተፈለፈለ እንጂ። መነሣት የሚገባው ባይነሣ ኖሮ መቅደሱ ከዐለቱ ውስጥ ባልወጣ ነበር።

ሆኖም ሥር ሁሉ ይነቀል አላልንም። በገደላማው ምድር አፋፍ ላይ ያለውን ሥር የነቀለ ሰው አፈሩን ለጐርፍ ይሰጣል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ያለው ጽድ ተጠብቆ የኖረው አባቶች የሚነቀለውንና የሚጠበቀውን ለይተው ስላወቁ ነው። እናንተም ቂምን ስትነቅሉ ዝምድናን አትንቀሉ፤ ጉርብትናንም ጠብቁ፤ ምድራችንን አፅንቶ የያዘው እርሱ ነውና።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ችግኝ ይዘህ ወደ ጓሮህ የምትወርድ ሁሉ፥ አስቀድመህ ወደ ጎረቤትህ ቤት ጎራ በል። ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ ያዘዘን ይህንኑ ነውና። የተከላችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ፤ ልባችሁንም ለሰላም የተዘጋጀ እርሻ ያድርግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።